«የማን ልጅ ነሽ?» የማይል ዓለም

ዕቃ ዕቃ ሳይጫወት ያደገ ካለ እጁን ያውጣ። በገል፣ በቆርቆሮ ክዳንና በጭቃ ወጥ የሚቋቋመው ያ ጎጆ የአብዛኞቻችን የመጀመሪያ የሚና ጨዋታ ነው። አንዱ አባት ይሆናል፤ ሥራውም ወጥቶ መግባትና ራት ለምን አልደረሰም ብሎ መቆጣት ነው። አንዷ እናት ትሆናለች። ከልጆቹ ሁሉ ታናሿ፣ ወይም የእናቷ ቤት ከሁሉ የደኸየው፣ ማንም በግልጽ ሳይመድባት ሠራተኛ ትሆንና ውሃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ ትባላለች። ሕጉን የጻፈልን አዋቂ አልነበረም። ጾታና መደብ የሚሉትን ቃላት ከመስማታችን ከብዙ ዓመት በፊት ሁለቱንም ተጫውተናቸዋል።

ዛሬ ይህ ጨዋታ በኮምፒዩተር መስኮት ሆኗል። የሚና ጨዋታ የሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ዓይነት ተጫዋቹን ገጸ ባሕርይ ያስፈጥረዋል። ስም ያወጣለታል፣ ወንድ ወይም ሴት ያደርገዋል፣ ሙያ ይመርጥለታል፤ ከዚያም ከተማና ገጠር፣ ንጉሥና ሽፍታ፣ ገበያና መቃብር ባለው ሰፊ ምናባዊ አገር ውስጥ ይለቀዋል። መቼት አለው፣ ግጭት አለው፣ ሴራ አለው። እንግዲህ ልቦለዱንና ቲያትሩን የምንመዝን ሰዎች ይህንን «የልጆች ነገር» ብለን የምናልፍበት ምክንያት አይታየኝም። በአገራችን ዛሬ በዚህ መስኮት ፊት የሚቀመጠው ወጣት፣ ልቦለድ ከሚገልጠው ቁጥሩ የሚያንስ አይመስለኝም።

ባለፈው ክረምት በቆጂ ሰንብቼ ነበር። ማታ ማታ የእህቴ ልጅ፣ ዐሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ በወንድሟ አሮጌ ኮምፒዩተር «ስካይሪም» የተባለውን ጨዋታ ስትጫወት አያለሁ። ጨዋታው ከወጣ ቆይቷል፤ የ2011 ሥራ ነው (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዘመኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የጨዋታዎቹ ልደት በዚያ ነውና)። ገጸ ባሕርይዋን ሴት አድርጋታለች። «ሴት በመሆኗ ምን ተለየ?» ብዬ ጠየቅኋት። ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል «ፀጉሯ ይረዝማል፣ ጋሼ» አለችኝ።

ሳቅሁ፤ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ልጅቷ ኮምፒዩተሩ ላይ የምትቀመጠው ሳህን ካጠበች፣ ቡና ካፈላች በኋላ ነው። ወንድሟ የሚጫወተው ደግሞ ሲያሰኘው። ይህን ሁሉ ጨርሳ የገባችበት ዓለም ሴት መሆኗን ፀጉሯ ላይ ብቻ ያውቀዋል። ይህ ነፃነት ነው ወይስ ዓለሙ ሰነፍ ስለሆነ ነው?

ዓለሙ ስለ ገጸ ባሕርይዋ ምን ማወቅ አለበት ለሚለው ጥያቄ የጨዋታ ሠሪዎች የመጀመሪያ መልስ መጥፎ መልስ ነበር። የሁሉም አባት የሆነው፣ በወረቀትና በዳይ የሚጫወቱት አሜሪካዊው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በ1974 ወጣ። በ1978 በታተመው የተስፋፋ የተጫዋች መመሪያው ውስጥ ለሴት ገጸ ባሕርያት የጉልበት ጣሪያ ተበጀላቸው፤ ሴቷ ተዋጊ ዳዩ ምንም ቢያወጣላት ከወንዱ ጫፍ መድረስ አትችልም። በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ጣሪያው ተነሣ። እስከዚያው ግን ጾታ ማለት ከሰውነት ላይ የሚቀነስ ቁጥር ነበር።

ለዚህ መልስ ከበቆጂ የተሻለ መፈተኛ ቦታ የለም። ከአሰላ በስተ ደቡብ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኘው ይህች የገብስና የስንዴ አገር ምን ዓይነት ሴቶች እንዳበቀለች ለአንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ብዙ የማይነገረው ግን የመመሪያው ታሪክ ነው። ኦሊምፒክ በ1928 በአምስተርዳም ሴቶችን 800 ሜትር አስሮጠና፣ አንዳንዶቹ ደክመው ታዩ ተብሎ ርቀቱ ተሰረዘ፤ እስከ 1960 ድረስ በኦሊምፒክ ከ200 ሜትር በላይ የሮጠች ሴት የለችም። 1,500 ሜትር በ1972 መጣ። ማራቶን በ1984 መጣ። 10,000 ሜትር ደግሞ በ1988 በሴኡል። እንግዲህ ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና ወርቅ ስታገኝና ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ ስትሆን፣ ርቀቱ ለሴቶች የተፈቀደው ገና ለሁለተኛ ጊዜ ነበር። ፋጡማ ሮባ በ1996 በአትላንታ ማራቶኑን ስታሸንፍ ውድድሩ ለሴቶች ከተከፈተ አራተኛው ኦሊምፒክ ነው።

ይህን አስተውሉልኝ። በ1978 አንድ የጨዋታ መመሪያ የሴትን ጉልበት በቁጥር ሲያጥር፣ በዚያው ዓመት የእውነተኛው ዓለም የውድድር መመሪያም ሴት ከ1,500 ሜትር በላይ በኦሊምፒክ አትሮጥም ይል ነበር። ሁለቱም መመሪያዎች የራሳቸውን አጥር የሴት ሰውነት አድርገው ጽፈውታል። አጥሩ ግን የነበረው በወረቀቱ ላይ ነው። ቁጥር መቀነስ የማልቀበለው ጨዋነት ስለሚጎድለው ብቻ አይደለም፤ ስለ ዓለሙ ውሸት ስለሚናገር ነው። እንቅፋቱን ከሕጉ፣ ከቤተሰቡ፣ ከገበያው፣ ከሹሙ ላይ ያነሣና በልጅቷ ጡንቻ ውስጥ ይደብቀዋል። ጡንቻ ውስጥ የተደበቀን ነገር ደግሞ ማንም ሊከራከረው፣ ሊያሸንፈው፣ ሊያሽረው አይችልም።

ሁለተኛው መልስ የ«ስካይሪም» መልስ ነው፤ ዝም ማለት። የዚህ ጨዋታ ጀግና ሊሰየፍ የደረሰ እስረኛ ሆኖ ይጀምራል፤ ሳይቆይ ግን የአስማተኞች ኮሌጅ አለቃ መሆን፣ ከመሳፍንት ጋር መነጋገር፣ ቤት መግዛት ይችላል። ወንድ ይሁን ሴት፣ እዚህም እዚያም ከሚጣሉ ጥቂት ቃላት በቀር፣ ለውጥ የለውም። «የማን ልጅ ነሽ?» የሚል የለም።

ለዚህ ዝምታ የሚሟገቱ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። «ሴት ልጅ ቀኑን ሙሉ ያየችው ይበቃታል፤ ማታ በጨዋታ እንኳ ትረፍ» ይላሉ። ሳህን ያጠበችውን የእህቴን ልጅ ሳስብ አፌን ያስይዘኛል። ዕረፍት የሚሰጥ ተረት ይኑር፤ ይገባልም። ነገር ግን ያ ጀግና በእርግጥ ማን እንደሆነ እንይ። በእኩለ ሌሊት ብቻውን ጫካ ያቋርጣል፤ ማንም አይከተለውም። በፈለገው ማደሪያ ቤት ያድራል፤ ባለቤቷ አተኩራ አታየውም። ጀርባው ላይ ሕፃን የለም። ምንጩ ዘንድ የሚጠብቀው እንስራ የለም። ከየት መጣህ፣ ለማን ትገብራለህ ሳይባል ወርቁን ቆጥሮ መሬት ይገዛል። ይህ እኮ ማንም ያልሆነ ሰው አይደለም፤ ጊዜውም መንገዱም የራሱ የሆነ ወንድ ልጅ ነው፤ ያውም ከደህና ቤት። ሴቷ የተፈቀደላት የእሱን ልብስ መልበስ ብቻ ነው። ፀጉሯ ግን ይረዝማል።

የአማርኛ ልቦለድ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አስቡ። ከዚያ ዓለም ላይ «የማን ልጅ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ብናነሣ፣ ፊታውራሪ መሸሻ አስተማሪውን በዛብህን በደስታ ይድሩታል፤ ሰብለ ወንጌልም ጎጆ ወጥታ ትኖራለች፤ መጽሐፉም በሠላሳ ገጽ ያልቃል። የሐዲስ ዓለማየሁ ዓለም ታላቅ የሆነው እያንዳንዱን ሰው ከነዘሩ፣ ከነእርስቱ፣ ከነጾታው ስለሚያውቀው ነው። ያን ጊዜ ነው የአንዲት ልጃገረድ እምቢታ ክብደት የሚኖረው።

ሦስተኛውን መልስ የሞከሩ ጨዋታዎች ጥቂት ናቸው። የቱርኮቹ «ማውንት ኤንድ ብሌድ» (2008) ገና ከጅምሩ ጾታህንና የአባትህን ማዕረግ ይጠይቃል። በ2010 የወጣው ተከታዩ ሴት ከሆንሽ መንገዱ እንደሚከብድ ይነግርሻል፤ በእሱ ውስጥ የመኳንንት ልጅ የሆነ ወንድ ከመጀመሪያው ቀን የራሱን ዓርማ ይይዛል፤ ሌላው ለጌታ አድሮ ማግኘት አለበት። ሐቀኛ ነው፤ ግን ደረቅ ነው። ሴትነትን ረጅም ዳገት አድርጎ ያቀርበዋል እንጂ ለሴቲቱ የራሷን መንገድ አያበጅላትም።

የካናዳዎቹ «ድራገን ኤጅ፡ ኦሪጂንስ» (2009) ደፋር ነው። ስድስት የተለያዩ ልደቶች አሉት። ከእነዚህ አንዱ በከተማ ውስጥ በተከለለ የድሆች ሰፈር የሚኖር የተናቀ ወገን ልጅ መሆን ነው፤ በሰርግ ቀን የአገረ ገዢው ልጅ ከነአሽከሮቹ መጥቶ ሙሽሮቹን ይነጥቃል። ተጫዋቹ ወንድ ከሆነ ሊያስመልስ ይሄዳል። ሴት ከሆነች ከተነጠቁት አንዷ እሷው ናት፤ ከዚያ ቤት በገዛ እጇ ሰይፍ ይዛ ትወጣለች። አንድ ቀን፣ አንድ ግፍ፣ ሁለት ታሪክ። ጾታና መደብ እዚህ ላይ አይነጣጠሉም፤ ልጅቷን የነጠቃት ወንድ ብቻ ሳይሆን ጌታ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ያሳዝናል። መግቢያው አልቆ ሰፊው ታሪክ ሲጀመር ዓለሙ ቀስ በቀስ ይረሳታል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ያስታውሳል። የልደት ነገር ግን በመቅድም የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም፤ በየበሩ የሚጠብቅ ነው።

የቼኮቹ «ኪንግደም ከም፡ ዴሊቨራንስ» (2018) ይህን ገብቶታል። ዘመኑ 1403፣ አገሩ ቦሔሚያ፣ ጀግናው የአንጥረኛ ልጅ ነው። ሰው የሚያናግረው ልብሱን አይቶ ነው፤ ደምና ጭቃ ከነካው ፊት ይነሣዋል፤ ጌታ መስሎ ከለበሰ ይከበራል። በ2019 ደግሞ ቅጥያ ጨመሩለትና፣ የጀግናው መንደር የተቃጠለበትን ያንኑ ቀን በአንዲት ልጃገረድ ዓይን እንድናየው አደረጉ። መንደሩ ያው መንደር፣ እሳቱ ያው እሳት ነው፤ የምትሄድበት መንገድና የምትደበቅበት ጥግ ግን ሌላ ነው።

(ነገሬን ላቋርጥና፣ ይህ ጀግና አንጥረኛ መሆኑ ለእኛ ሌላ ነገር ይናገራል። በእንግሊዝኛው «መደብ»ም ሆነ የጨዋታው «ሙያ»፣ ማለትም ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ሌባ መሆን፣ በአንድ ቃል ይጠራሉ። ለእነሱ የቃል ግጥምጥሞሽ ነው። በእኛ አገር ግን ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ፋቂ ሙያቸው መደባቸው ነበር፤ «ቡዳ» ተብለው ተሸሽተዋል፤ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ኢትዮጵያዊ የሚና ጨዋታ ውስጥ «ቀጥቃጭ» የሚለውን ሙያ የመረጠ ሰው ሰይፉን ሁሉም ሊገዛው፣ ልጁን ግን ማንም ሊያገባለት የማይፈልግ ሰው መሆኑን ዓለሙ ማወቅ ይኖርበታል።)

ወደ አርሲ ልመለስ፤ ሦስተኛው መልስ ምን እንደጎደለው የሚያሳየኝ እዚያ ነውና። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ልጃገረድ ስትዳር እናቷ ስንቄ የተባለች ቀጭን በትር ትሰጣታለች። ዱላ አይደለችም፤ ማንም አይመታባትም። ባል ሚስቱን ከበደለ፣ በተለይ ወልዳ በታረሰችበት ጊዜ እጁን ካነሣባት፣ የሴቲቱ ጩኸት ይሰማል፤ የአካባቢው ሚስቶች ስንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ቤቱ ይቀራል፤ ልጁ ያለቅሳል፤ ላሟ ሳትታለብ ትውላለች። ሽማግሌ ተልኮ፣ በዳዩ ክሶ፣ ሴቶቹ እሺ እስኪሉ ድረስ አይመለሱም። ሁለት ወገኖች ጦር ሊማዘዙ ቆመው ሴቶች ስንቄያቸውን ይዘው መካከላቸው ከገቡ፣ ያንን መስመር ጥሶ ማለፍ ነውር ነው። ይህን ኃይል ወንድ፣ ባለጠጋም ቢሆን፣ ሊኖረው አይችልም።

እንግዲህ ያንን የ1978 መመሪያ ይዘን ስንቄን በየትኛው ቁጥር ልንጽፋት ነው? ጉልበት አይደለችም፤ አስማትም አይደለችም። የዓለሙ ሕግ ናት። ጾታ ዓለሙን መንካት ያለበት እንዲህ ነው እላለሁ፤ በአንዱ በኩል በር እየዘጋ፣ በሌላው በኩል ወንዱ የማያውቀውን በር እየከፈተ፣ ሁለቱንም በሰዎች ልማድ ውስጥ አድርጎ እንጂ በጡንቻ ውስጥ አይደለም። ስንቄንም ቢሆን አሳምሬ ብቻ ማቅረብ አልፈልግም። በትሯ ያገባች ሴት ናት፤ ያላገባችው የላትም። ጥበቃው በጋብቻ በር በኩል የሚመጣ ነው። ጥሩ ጨዋታ ይህንንም ቅሬታ ያውቀዋል።

በ2012 የወጣው የጄሪ ሮትዌል ዘጋቢ ፊልም «ታውን ኦፍ ራነርስ» የቪዲዮ ጨዋታ ባይሆንም ብዙ ጨዋታ ሠሪዎች ያልደረሱበትን ያሳያል። ሁለት የበቆጂ ልጃገረዶችን ለዓመታት ይከተላል፤ ተራኪው ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ ነው። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሜዳው ላይ አሉ፤ ደራርቱንና ቀነኒሳን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ሰው። የፊልሙ ጭንቀት ግን ሜዳው ላይ አይደለም። ልጆቹ ከቤት ሲርቁ፣ ተቀብሎ የሚወስዳቸው ክለብ ምን ያበላቸዋል፣ ማን ይጠይቅላቸዋል የሚለው ነው። ሩጫው የሁሉም እኩል ነው፤ ወደ መሮጫው የሚያደርሰው መንገድ ግን እኩል አይደለም።

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደ ቅኔ ጌምስ ያሉ የአዲስ አበባ ወጣቶች ገበጣን ወደ ስልክ አምጥተዋል። አንድ ቀን አንዱ ተነሥቶ ኢትዮጵያዊ የሚና ጨዋታ መሥራቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የአክሱምን ሐውልትና የጎንደርን ግንብ ሥሎ፣ ጎራዴና ጋሻ ሰጥቶ፣ ከውስጥ ያንኑ ማንም ያልሆነ ጀግና እንዳይለቅብን እሰጋለሁ። ምኞቴን ልናገር።

መቼቱ ጭላሎ አውራጃ፣ ዘመኑ 1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ይሁን። ስዊድኖች ያገዙት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ የተባለው፣ በ1967 አሰላ ላይ ተቋቁሟል። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መጥቷል። መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ ባለ ርስቱ ትራክተር ማስገባትና ጭሰኛውን ማስለቀቅ ጀምሯል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የሚታወጀውን የመሬት አዋጅ ማንም አያውቅም። ተጫዋቹ ከአራት ሰዎች አንዱን ይምረጥ፤ የባለ ርስት ወንድ ልጅ፣ የጭሰኛ ወንድ ልጅ፣ የጭሰኛ ሴት ልጅ፣ ስንቄ የያዘች ሚስት። ጉልበታቸው እኩል ይሁን። ከበቆጂ አሰላ የሚወስደው መንገድም ለአራቱም አንድ ይሁን።

የባለ ርስቱ ልጅ በመኪና ይሂድ፤ የካዱ ሠራተኞች ወንበር ይሳቡለት። የጭሰኛው ልጅ በእግሩ ይሂድ፤ ቢሮው በር ላይ ባርኔጣውን ያውልቅና፣ የሚያርሰው መሬት የማን እንደሆነ ይጠየቅ። ሚስቲቱ ለብቻዋ ከሄደች ማንም አይስማት፤ ሌሎቹን ሴቶች አስተባብራ ከወጣች ግን መንደሩ ሥራ ይፍታ። የጭሰኛዋ ልጅ ማስታወቂያ የምታነብላቸው ሰው ሆና ትገኝ፤ አባቷ ማንበብ አይችልምና ምሥጢሩን ከሁሉ ቀድማ የምታውቀው እሷ ትሁን። የሚቆጥር ነገር ካስፈለገ፣ ጨዋታው በእያንዳንዱ ማለዳ ቀኗን በሰዓት ይቁጠርላት፤ ስንቱ ለውሃ፣ ስንቱ ለእንጨት፣ ስንቱ ለታናሾቿ እንደሄደ። የተረፈውን ሰዓት እንዴት እንደምታበዛው ተጫዋቹ ያስብበት። ከወንድሟ ጋር ትደራደርበት፤ ከእናቷ ጋር ትጣላበት፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር እንስራ ትቀያየርበት። ወንድሟን የመረጠ ተጫዋች ደግሞ ማለዳ ሲነሣ ውሃው ተቀድቶ ያገኘዋል፤ ማን እንደቀዳው ካልጠየቀ ጨዋታው አይነግረውም።